ሐምሌ፣ አንድ ደብተርና 33,000 ቃል
ልብ ወለድን በአንድ ወር ስለ መጻፍ የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ።

1,667። ልብ ወለድ በአንድ ወር እጽፋለሁ ብሎ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያገኛት ቁጥር ይህች ናት። 50,000 ቃል ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 1,667 ገደማ ይደርሳል። በአማርኛ የሚጽፉትም ቁጥሯን እንዳለች ወስደው ይጀምራሉ፤ በአስረኛው በአስራ ሁለተኛው ቀን ወደ ኋላ ቀርተው፣ እጃቸው ዝሎ፣ ደብተሩን ይዘጋሉ። ከዚያ «ለካ መጻፍ የእኔ አይደለም» ይመጣል። ልብሱ የተሰፋው በሌላ ሰው ልክ ነው፤ ጠበበኝ ብሎ ገላን መውቀስ ምን ይሉታል? ዛሬ የምናወራው በራሳችን ልክ ስለ ማሰፋት ነው።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ባጭሩ ልበል። በአንድ ወር ልብ ወለድ የመጻፉ ዘመቻ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በጁላይ 1999 በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ነው። ክሪስ ቤይቲ የሚባል ሰው ወዳጆቹን ሰብስቦ ጀመረው፤ በጠቅላላው 21 ነበሩ። 50,000ን የመረጠው አጥንቶ አይደለም፤ መደርደሪያው ላይ ካገኛቸው አጫጭር ልብ ወለዶች የአንዱን ርዝመት ገምቶ ነው። በ2000 ወሩን ወደ ኖቬምበር አዛወረው። ምክንያቱ የአየሩ መክፋት ነበር፤ በጁላይ ፀሐይዋ ሰውን ከቤት ትጠራለች፣ በኖቬምበር ብርዱና ዝናቡ ቤት ያስቀምጠዋል። በዚያ ዓመት 140፣ በ2001 ደግሞ 5,000 ያህል ሰዎች ተሳተፉ። ናኖራይሞ በሚል ስም ትርፍ የማያሳድድ ድርጅት ሆኖ ለዓመታት ቆየ። በ2023 ከወጣት ተሳታፊዎች ደህንነት ጋር በተያያዘ ቅሬታ፣ በ2024 ደግሞ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ባወጣው መግለጫ ስሙ ተጎዳ፤ የገንዘብ ችግር ተጨመረበትና በማርች 2025 መጨረሻ እንደሚዘጋ አስታወቀ።

ስለዚህ ቃላችሁን ተቀብሎ «አሸንፋችኋል» የሚል የምስክር ወረቀት የሚሰጠው ድርጅት ዛሬ የለም። ለእኛ ይህ ክፉ ዜና አይመስለኝም። ዳኛው ከሄደ ወሩንም ቁጥሩንም የምንመርጠው እኛ ነን። ከድሮው ሕግና ልማድ ማስቀረት ያለብን ሦስቱን ነው፦ አንድ ወር ብቻ፣ አስቀድሞ የተወሰነ የቃል ብዛት፣ በወሩ ውስጥ እርማት የለም። ከመጀመሪያው ቀን በፊት ማቀድ ይፈቀዳል፤ የሚቆጠረው ጽሑፍ ግን ከዜሮ ይጀምራል።

ወሩን እንምረጥ። በኖቬምበር 1 የሚጀምር ሰው በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 22 ላይ ነው፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ደግሞ ጥቅምት 21። የሚጨርሰው ኖቬምበር 30፣ ማለትም ህዳር 21፣ በጽዮን ማርያም ቀን ነው። መካከል ላይ ህዳር 12 ሚካኤል አለ፤ ደጁ ሁሉ ቆሻሻ እየተቃጠለ «ህዳር ሲታጠን» የሚውልበት ቀን ነውና መስኮት ከፍቶ መጻፍ አይታሰብም። ህዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል። ገጠር ያለ ሰው አዝመራ ላይ ነው። ተማሪው ትምህርት ጀምሯል። ለአገር ቤት ሰው ከዚህ ወር የባሰ ለማግኘት መፈለግ ያስፈልጋል።

ቤይቲ ከጁላይ የሸሸው መጥፎ አየር ፍለጋ አልነበር? መጥፎው አየር ያለው እኛ ዘንድ ነው፤ ያውም በዚያው እሱ በሸሸው ወር። ሐምሌ ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ሰርግ የለም። ሐምሌ 5 የሐዋርያት ጾም ይፈታል፣ ፍልሰታ የሚገባው ነሐሴ 1 ነው፤ መካከሉ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ ሥላሴና ቁልቢ ገብርኤል የሚወስዱባችሁን ቀን አስቀድማችሁ ቀንሱ። ከጳጉሜን በቀር እንደማንኛውም ወራችን 30 ቀን አለው፤ ከጁላይ 8 እስከ ኦገስት 6። ጉዳቱ የመብራት መጥፋት ነው፣ ወደሱ እንመጣለን። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ያለ ሰው ግን ኖቬምበርን ቢይዝ ይሻለዋል፤ እዚያ ሐምሌ ማለት ሰው ሁሉ ውጭ የሚውልበት ጊዜ ነው፣ የተሸሸውም ለዚሁ ነው። ባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ ግን ተቃራኒ ናችሁ፤ ከቤት የማያስወጣው የሐምሌ ሙቀት ነውና እንደ አገር ቤት ሰው ሐምሌን ያዙ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ቃል። «ስለማይመጡልን» በአማርኛ አንዲት ቃል ናት። እንግሊዝኛው ይህንኑ ለማለት ስድስት ሰባት ቃል ይፈጃል፤ ምክንያቱን፣ አሉታውን፣ እነሱን፣ እኛን ለየብቻ ይጽፋል። «ከቤታችን» ሦስት ቃል ይሆናል። ግሳችን ባለቤቱንም ተሳቢውንም በሆዱ ይዞ ስለሚሄድ፣ ቅድመ ቅጥያውም ከስሙ ጋር ስለሚጣበቅ፣ ያው ታሪክ በአማርኛ ሲጻፍ የቃሉ ብዛት ይቀንሳል። በስንት እንደሚቀንስ እንደ ጸሐፊው ይለያያል። ሁለቱንም ቋንቋ የምታውቁ በቀላሉ ትለኩታላችሁ፤ አንድ ገጽ የእንግሊዝኛ ትረካ ውሰዱ፣ በራሳችሁ አማርኛ መልሱት፣ ሁለቱን ቁጠሩ። ለሥራ የምንይዘው ግምት ሁለት ሦስተኛ ነው። የ50,000 ሁለት ሦስተኛ 33,000 ያህል ነው። ለ30 ሲካፈል ደግሞ ልክክ ብሎ 1,100 ይመጣል።

33,000 ቃል ትንሽ እንዳይመስላችሁ። በገጽ 220 ቃል በሚይዝ መጽሐፍ 150 ገጽ ነው። አንባቢ መጽሐፍ ብሎ የሚገዛው፣ አውቶቡስ ላይ ይዞት የሚቀመጥ ነገር ነው።

ቁጥሩ ከተያዘ በኋላ ሁለተኛው ጥያቄ ምን እንደሚቆጠር ነው። በስልክ ወይም በኮምፒውተር የሚጽፍ ሰው ቆጣሪውን ያምናል፤ ቆጣሪው ግን አማርኛ አይችልም። የሚቆጥረው በባዶ ቦታ የተለያየውን ነው። የድሮውን ሁለት ነጥብ በቃላት መካከል እያስገባ፣ ባዶ ቦታ ሳይተው የሚጽፍ ሰው አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አንድ ቃል ሆኖ ሊቆጠርበት ይችላል። በተቃራኒው አራት ነጥብን ከቃሉ አርቆ፣ መካከል ላይ ባዶ ቦታ እየተወ የሚጽፍ ሰው ነጥቡ ራሱ ቃል ተብሎ ይቆጠርለታል። በቀን መቶ ዓረፍተ ነገር ብትጽፉ መቶ ቃል በነጻ አገኛችሁ ማለት ነው፤ ራስን መስረቅ ይሉታል ይህን። አራት ነጥቡን ከቃሉ ጋር አጣብቁት፣ ከእሱ በኋላ አንድ ባዶ ቦታ ስጡ፣ አለቀ። «ቤተ ክርስቲያን» አንድ ናት ሁለት እያሉ መጨቃጨቅ አያስፈልግም፤ በወር ውስጥ የሚያመጣው ልዩነት የሻይ ሳንቲም ነው።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። በድሮዎቹ የግዕዝ ፊደል ፕሮግራሞች፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ሥርዓት ከሆነው ከዩኒኮድ በፊት በተሠሩት፣ የተጻፈ ነገር ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ኮተት ሆኖ ይወጣል። ወር ሙሉ ጽፎ፣ ማተሚያ ቤት ወስዶ፣ ያንን ኮተት ማየት ያሳዝናል። ከሐምሌ በፊት አንድ አንቀጽ ጻፉና ወደ ሌላ ሰው ስልክ ላኩት፤ እዚያ አማርኛ ሆኖ ከተነበበ ቀጥሉ።

በእጅ ለምትጽፉ ስሌቱ ሌላ ነው፣ ለሐምሌም የተሻለው እሱ ይመስለኛል። የገዛ ጽሕፈታችሁን አስር መስመር ቁጠሩ፣ ለአስር አካፍሉ። በመስመር 7 ቃል መጣ እንበል፤ ገጹ 24 መስመር ካለው 168 ቃል ነው። የቀኑ 1,100 ስድስት ገጽ ተኩል ይሆናል። የወሩ 33,000 ደግሞ 196 ገጽ። ባለ 100 ሉክ ደብተር 200 ገጽ አለው። ልብ ወለዳችሁ አንድ ደብተር ነው ማለት ነው፤ አራት ገጽ ይተርፋችኋል። የግራውን ገጽ ለማስታወሻ ባዶ መተው የምትወዱ ሁለት ግዙ። በየገጹ ራስ ላይ ቁጥርና ቀን ጻፉ፣ ደብተሩንም ከቤት ስታወጡ ፌስታል ውስጥ አድርጉ፤ በሐምሌ ዝናብ ወረቀቱ ይበሰብሳል። ማታ ማታ የቀኑን ገጾች በስልክ ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ለራስ መላክ ሁለት ደቂቃ ነው። በስልክ የምትጽፉም እንዲሁ ለራሳችሁ ላኩ፣ የፋይሉ ስም ቀኑ ይሁን፦ ሐምሌ 1፣ ሐምሌ 2። በአንድ ፋይል ላይ ወር ሙሉ መጻፍ አንድ ቀን በስህተት ሁሉንም መሰረዝን ይጋብዛል።

ጊዜውስ? 15 ደቂቃ ሳታቆሙ ጻፉና ቁጠሩ። 150 ቃል ከወጣ 1,100ው 110 ደቂቃ ይወስዳል፤ 220 ከወጣ 75 ደቂቃ። ይህን መለኪያ ሰኔ ላይ፣ በሦስት የተለያዩ ሰዓቶች አድርጉት። ጠዋት 220 የሚጽፈው ሰው ማታ ደክሞት 120 ሊጽፍ ይችላል፤ ይህን ያላወቀ ሰው ሥራውን ሁሉ ማታ ላይ ጥሎ ሌሊቱን ያቃጥላል። ለሁለት መክፈሉ ይረዳል፤ 600 ጠዋት፣ 500 ማታ። በስልክ በድምፅ መጻፍም አለ፤ ጉግል አማርኛን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በድምፅ ይቀበላል። ለምልልስ ጥሩ ነው፣ ሰው እንደሚናገር ስለሚወጣ፤ ነጥብና የሰው ስም ግን ያበላሻል። ኢንተርኔት በሌለ ጊዜም አትመኩበት። መብራት ሲጠፋ የሚቀረው ደብተሩና ኩራዙ ነው፤ ፓወር ባንክ ያለው ሰው ዝናብ ሳይጀምር ይሙላው።

ሰኔ የዝግጅት ወር ነው። 30 ቀን ስላለን 30 ትዕይንት ያስፈልገናል፣ ለእያንዳንዱ አንድ መስመር። መስመሩ እንዴት እንደሚጻፍ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ታደሰ ወደ ገጠር ይሄዳል» መስመር አይደለም፤ ጠዋት ተነስታችሁ ስታዩት 1,100 ቃል አያወጣላችሁም። መንገዱን፣ አውቶቡሱን፣ ተራራውን ገልጻችሁ በ300 ቃል ያልቃል። «ታደሰ የአባቱ ቦታ እንዳይሸጥ ይፈልጋል፤ ታላቅ ወንድሙ ቀብድ ተቀብሏል፤ ታደሰ ይህን የሚያውቀው ቡና ላይ ከገዥው ሚስት አፍ ነው» ግን ራሱን ያስጽፋል። ማን ምን ይፈልጋል፣ ማን ያግደዋል፣ በመጨረሻ ምን ተለወጠ። ሦስቱ ከሌሉ መስመሩን ተዉት። ሰላሳውንም ማግኘት ካቃታችሁ ሃያ ይዛችሁ ጀምሩ፤ የመጨረሻውን ግን ሳታውቁ አትጀምሩ።

ቀጥሎ ቋንቋው አስቀድሞ የሚያስወስናችሁ ነገር አለ፤ ይህኛውን የውጭ አገር መመሪያ አይነግራችሁም። ገጸ ባሕርያቱ እርስ በርስ አንተ ይባባላሉ ወይስ አንቱ? ምራት አማቷን ምን ትላለች? ታናሽ ወንድም ታላቁን «ጋሼ» ብሎ ነው የሚጠራው ወይስ በስሙ? ሐምሌ 3 ላይ «አንቺ» ያላችሁትን ሐምሌ 17 ላይ «እርስዎ» ብትሉ አንድ ቃል አይደለም የሚለወጠው፣ በዚያ ምልልስ ውስጥ ያለው ግስ ሁሉ ነው። ከዚህ የሚብሰው የተራኪው ነው። ተራኪው ሽማግሌውን «አቶ በላይ ተነሱ» ይላል ወይስ «በላይ ተነሳ»? በአክብሮት ከሄዳችሁ «ተነሱ» የብዙም ግስ ስለሆነ፣ አቶ በላይና ልጆቻቸው አንድ ክፍል ውስጥ ሲሆኑ ማን እንደተነሳ አንባቢው አያውቅም። ከአክብሮቱ ከወጣችሁ ደግሞ ተራኪው ባለጌ ይመስላል ብለው የሚያዝኑ አንባቢዎች አሉ። ሁለቱም መንገድ ያስኬዳል። እኔ በበኩሌ አንድ ሽማግሌ ብቻ ባለበት ታሪክ አክብሮቱን፣ ብዙ ሽማግሌ ባለበት ደግሞ ስሙን ብቻ እመርጣለሁ። ዋናው ነገር በደብተሩ ጀርባ አንድ ሠንጠረዥ አስምሮ ማን ማንን ምን እንደሚል መጻፍ ነው፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

በዚያው ሠንጠረዥ ላይ ስሞቹን በአንድ ፊደል ወስናችሁ ጻፉ። «ዓለሙ»ን ዛሬ በዐይኑ ዐ፣ ነገ በአልፋው አ የጻፈ ሰው በኋላ ፈልግ ሲል ግማሹን አያገኝም፤ ኃይሌም ፀሐይም እንዲሁ። ከስሞቹ ውጭ ግን ስለ ሀና ሐ፣ ስለ ሰና ሠ በሐምሌ አንድም ደቂቃ አታጥፉ፤ እሱ የእርማት ሥራ ነው። ስም ለመቀየር ከፈለጋችሁም ሐምሌ ላይ አትቀይሩ። «ሳራ»ን «ሄለን» አድርግ ብላችሁ ኮምፒውተሩን ብታዙት «አሳራቸውን አዩ» የሚለውን «አሄለንቸውን አዩ» ያደርግላችኋል። የወንዱን ገጸ ባሕርይ ሴት ማድረግ ደግሞ ጨርሶ በማሽን የሚሠራ አይደለም፤ ግሱ ሁሉ ጾታ ይዟል።

ሐምሌ 1 ጠዋት ሆነ እንበል። የመጀመሪያው ጥፋት በመጀመሪያው ገጽ ይፈጸማል። ጎህ ይቀዳል፣ ዶሮ ይጮኻል፣ ጉም ከተራራው ይነሳል፣ ባለታሪኩ አይኑን ያሻል። በዚህ አኳኋን 600 ቃል ይሄድና ሰው አልተናገረም፣ ነገር አልተጀመረም። ጎህ ለሁሉም ሰው ይቀዳል። ጠቡ ከተጀመረ በኋላ ግቡ፤ ቀብዱ ተቀብሏል፣ ወንድምየው ፊቱን አዙሯል፣ ከዚያ ጀምሩ። በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ጉልበት ስላለ 1,300 ብትጽፉ 1,000 ቃል ይተርፋችኋል። ይህ አንድ ቀን ያህል ነው፤ ለቅሶ አይቀርም፣ እንግዳ አይቀርም፣ ለዚያ ቀን አስቀምጡት።

በየቀኑ ስትቀመጡ ትናንት ከጻፋችሁት የመጨረሻውን ግማሽ ገጽ ብቻ አንብቡ። ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚያነብ ሰው ያርማል፣ የሚያርም ሰው አይጽፍም። ያልጣማችሁን አንቀጽ አትሰርዙ፤ ጎኑ ላይ አንድ መስመር አስምሩና እለፉ፣ ቃሉም ይቆጠራል። የማታውቁት ነገር ሲያጋጥማችሁ፣ የመንደሩ ስም፣ የቀብዱ ብር ልክ፣ በዚያ ዘመን የነበረው መኪና፣ ፍለጋ አትውጡ። «ቨቨ» ብላችሁ ጻፉና ቀጥሉ። በአማርኛ ሁለት ቨ ተከታትሎ የሚመጣበት ቃል ስለሌለ በኋላ በኮምፒውተር ቢሆን በፍለጋ፣ በደብተር ቢሆን በአይን ወዲያው ይገኛል። የመንደሩን ስም ፍለጋ ኢንተርኔት የገባ ሰው ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚወጣው ከኳስ ጨዋታ ውጤት ጋር ነው።

ሁለተኛው ሳምንት፣ ከሐምሌ 8 እስከ 14፣ የሚታወቅ መቃብር ነው። በሁሉም አገር እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ሐሳብ ሙቀቱ አልቋል፣ መጨረሻው ሩቅ ነው፣ ሰዎቹ ተዋውቀው ጨርሰዋል። እዚህ ላይ አዲስ ሐሳብ ሳይሆን ብዙ አፍ ያለበት ትዕይንት ነው የሚያስፈልገው፤ ባህላችን ደግሞ በዚህ ሀብታም ነው። ሽምግልና አምጡ። ሦስት ሽማግሌዎች፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቂም ያላቸው፣ ጥያቄውን ለመናገር ግማሽ ሰዓት ዙሪያ የሚሄዱ፤ አንድ አባት ልቡ እያወቀ ያልገባው የሚመስል፤ ጓዳ ውስጥ ጆሮዋን የጣለች ልጅ። 1,100 ቃል አይበቃውም። የእቁብ ዕጣ የወጣበት ቀን፣ እድር ላይ ያልከፈለ ሰው ስም ሲነሳ፣ ለቅሶ ቤት የማይነጋገሩ ሁለት እህቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ፤ እነዚህ ሁሉ ሰው ከሚለውና ከማይለው መካከል ያለውን ስንጥቅ ይከፍታሉ። ታሪኩ ስለ ሌላ ነገር ቢሆንም ሰዎቻችሁን አንዱ ውስጥ አስቀምጧቸው፤ ጠባቸውን ይዘው ነው የሚገቡት።

ወደ ኋላ ብትቀሩ ስሌቱን በወረቀት ሥሩት፣ በሆድ አይሠራም። 12ኛው ቀን ማታ 13,200 ሊኖራችሁ ሲገባ 9,900 ብቻ አለ እንበል፤ የሦስት ቀን ዕዳ ነው። በሆዳችሁ ተራራ ይመስላል። የቀረው 23,100 ቃል፣ የቀረው ቀን 18 ነው፤ በቀን 1,283። የተጨመረባችሁ 183 ቃል ነው፣ አንድ ገጽ ከጥቂት መስመር። ሰው የሚወድቀው ዕዳውን በአንድ ቅዳሜ ልክፈል ብሎ 4,400 ቃል ሲነሳ ነው፤ 2,000 ላይ ይደክማል፣ እሑድ ይተኛል፣ ሰኞ ያፍራል። እሑድን ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለእረፍት የሚተው ሰው፣ ሁለት የንግሥ ቀንም ጨምሮ፣ ከመጀመሪያው 24 ቀን ብሎ ያስላ፤ 1,375 በቀን ይመጣል። አስቦ መተውና ሳያስቡ መቅረት በጣም ይለያያሉ።

በሦስተኛው ሳምንት ሌላ ልብ ወለድ ይመጣባችኋል፣ ከያዛችሁት መቶ እጥፍ የሚያምር። ሁልጊዜ ይመጣል። ደብተሩ ላይ የተረፉት አራት ገጾች ለሱ ናቸው፤ በአንዱ ላይ አሥር መስመር ጽፋችሁ ዝጉት። ሐምሌ 20 ላይ ደግሞ ቅደም ተከተሉን ጣሱና የመጨረሻውን ትዕይንት ጻፉ። መድረሻው በእጅ ከገባ በኋላ የቀሩት አሥር ቀናት ወደ እሱ የሚወስደውን መንገድ መሙላት ይሆናሉ፤ የማያስፈልጉትን ትዕይንቶችም ያኔ ታውቋቸዋላችሁ።

ብቻውን የሚጽፍ ሰው አለ፤ ከሰው ጋር የሚበረታው ግን ይበዛል። የድሮው ዘመቻ ትልቁ ሀብቱ በየከተማው አብሮ መጻፉ ነበር፤ ሰዎች ካፌ ተሰብስበው፣ ሰዓት ይዘው፣ 15 ደቂቃ ዝም ብለው ጽፈው ቁጥር ያወዳድሩ ነበር። በቴሌግራም ቡድን ይህን ማድረግ ቀላል ነው። ከአምስት እስከ አሥር ሰው፤ ከዚያ ከበዛ ወሬ ይበዛል። ሰዓቱ ሲደርስ አንድ ሰው «ጀምሩ» ይላል፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እያንዳንዱ ቁጥሩን ብቻ ይጽፋል። ጽሑፍ አይለጠፍም፣ አስተያየት አይሰጥም፤ ያልበሰለ ወጥ አይቀመስም። ውጭ አገር ያለ ሰው ካለበት ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። የአዲስ አበባ ምሽት 2 ሰዓት፣ በውጭ አቆጣጠር ስምንት፣ በሐምሌ ዋሽንግተን ላይ ቀትር አልፎ አንድ ሰዓት፣ ቴል አቪቭ ላይ እንደኛው ስምንት፣ ዱባይ ላይ ዘጠኝ ነው፤ ሪያድ ከእኛ ጋር እኩል ነው። በኖቬምበር ለምትጽፉ ደግሞ የአሜሪካ ሰዓት በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ስለሚቀየር፣ አንድ ሰዓት የነበረው በሁለተኛው ሳምንት ልክ ቀትር ይሆናል። ይህን ያልነገራችሁት ሰው አንድ ምሽት ብቻውን ይጽፋል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያስጽፈን እንደሆነ ትጠይቃላችሁ። 33,000 ቃል አማርኛ በአንድ ከሰዓት ሊያወጣላችሁ ይችላል፤ ነገር ግን ወሩ የተፈለገው ቃሉን ለማግኘት ሳይሆን እጃችሁን ለማፍታታት ነበርና ማንን አታለላችሁ?

ሐምሌ 30 ማታ በእጃችሁ ያለው ረቂቅ ነው፣ መጽሐፍ አይደለም። ኤሪን ሞርገንስተርን እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተመችው «ዘ ናይት ሰርከስ» የተባለው ልብ ወለድ ከዚህ ዘመቻ የወጣ ነው፤ ረቂቁ ግን የአንድ ወር ሳይሆን የሦስት ዙር ሥራ ነበር፣ ከዚያም እርማት። ስለዚህ ነሐሴ 1 ላይ ማተሚያ ቤት አትደውሉ፤ ዋጋ ጠይቃችሁ የምትደነግጡበት ጊዜ ይደርሳል።

ደብተሩን ነሐሴን ሙሉ ዝጉት። እንዲያነበው ለማንም አትስጡ፣ እናንተም አትክፈቱት። ጳጉሜን 1 ላይ አውጡት። 196 ገጽ ለአምስት ቀን ሲካፈል በቀን 40 ገጽ ነው፤ ሻይ ይዞ ሦስት ሰዓት አይፈጅም። በመጀመሪያው ንባብ እርሳስ እንጂ እስክሪብቶ አትያዙ፣ ፊደልም አታርሙ። ጎኑ ላይ ሦስት ምልክት ብቻ አድርጉ፤ የሰለቻችሁበት ቦታ ላይ መስመር፣ ያልገባችሁ ቦታ ላይ ጥያቄ ምልክት፣ ሳታስቡት ሁለት ጊዜ ያነበባችሁት ቦታ ላይ ክብ። ከዚያ ቨቨዎቹን ቁጠሩ። ከሃምሳ በታች ከሆኑ መስከረም ላይ አንድ ሁለት ቅዳሜ ይበቃቸዋል፤ ከመቶ ካለፉ ግን ታሪኩ የተቀመጠው ገና በማታውቁት ቦታና ዘመን ነውና፣ ከእርማቱ በፊት ሄዳችሁ የምትጠይቋቸውን ሰዎች ዝርዝር ጻፉ። ለዚያም ሦስት ባዶ ገጾች ቀርተውላችኋል።